ፈራሽና ፍራሽ

ካልጋሪ፣ ቅዳሜ፣ ከካምፕ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣
ጫማዬን አውልቄ ፍራሽ ለማማረጥ
ተዘረጋሁ እዚያው፣ በሰው መተላለፊያ፤
ዘርፌ አፍራ ቆማለች ከድንኳኑ ወዲያ።

አንዱ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣
አንዱ አየር ጠጥቶ እንደ አቅማዳ ያብጣል፣
አንዱ ይመች ነበር፣
ዋጋው እንደ ቤት ኪራይ ያስደነግጣል።

ሻጩ ኮልተን፣ ክንዱ ላይ ተራራ የተነቀሰ፣
«ቁጥሩን እይ» አለኝ፣ ወደ እኔ እየጎነበሰ።
«ሁለት ለሐምሌ ነው፤ አራት ለመስከረም፤
ስድስት ለበረዶ።
ከላይ ብትደራርብ፣ ዋጋ የለውም፤
ብርድ ከታች ነው።»

ይህንንማ አውቀናል፣ አምና፣ ከሐይቁ ዳር፣
ሰማዩን ስንጠብቅ፣ ደመና ስንቆጥር፤
ዚፑን እስከ ጫፍ ስበን፣ በሩን ዘግተን ስንኮራ፣
ሌባው በወለል ገባ።
እኩለ ሌሊት ዘርፌ
ፎጣውን፣ ካርታውን፣ የኔን ጃኬት ሳይቀር ከጎኗ አንጥፋ፣
«መሬቷ እየጠባችኝ ነው» አለች፣ ተንዘፍዝፋ።

መሬት ክፋት የላትም፤ ያበደረችንን ገላ
ሙቀት ሙቀቱን ትሰበስባለች፣ አስቀድማ፣ ቀስ ብላ።
እኔም ፈራሹ ሰውዬ፣ ፍራሽ ከፍራሽ ሳወዳድር፣
የኋላ የኋላ እንደሁ
ያለ ምንም ምንጣፍ መተኛቴ ላይቀር፣
«አራት ነጥብ አምስቱን» አልኩት፣ «ስጠኝ ሁለት፤
ሰፊውን፣ ቀዩን፣
ይህች ሴት እንደ ልቧ የምትገላበጥበት።»

መቼም ለዘለዓለም አላልኩም።
ለዚህች መስከረም ብቻ
በእኛና በመሬት መሀል
አራት ጣት አየር ይግባበት።