ብዙኃኑ ኀ

ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ በማተሚያ ቤቱ ጓዳ፣
ቀይ እስክሪብቶ ነው መሣሪያዬ፤ ፊደል ነው የኔ ዕዳ።
ሐሳብ አልነካም፤ ውሌ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤
አራሚ ቃል ያቀናል እንጂ፣ ሕግ ማን ያስነካዋል?

ኢተፋ በሞተር መጣ፣ ዝናቡ ከጃኬቱ ሲንጠባጠብ፣
አራተኛውን ረቂቅ ይዞ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ እንዳይረጥብ።
ትናንት «በአባል ክልሎች ፈቃድ» ይል የነበረው አንቀጽ
ዛሬ «በምክክር» ሆኗል፤ ሌላ ቃል፣ ያው አንድ ገጽ።

አንቀጽ በግእዝ በር ነው፣ ይል ነበር ጋሽ ዘርጋው፤
ለማን እንደሚከፈት ግን ቁልፍ የያዘ ነው የሚያውቀው።

ጸሐፊዋ ቸኩላ መሰለኝ፣ ሁሉን በአንድ ሀ ጽፋለች፦
«ሀገር»፣ «ህግ»፣ «ህብረት»። አንዲቱ ሁሉን ወርሳለች።
ቀዩን አነሣሁ፣ ለየባለቤቱ ልመልስ፦
ለሀገር ሃሌታው፤
ለሕግ ሐመሩ፤
ለኅብረት፣ ስሙን ሰምቶ፣ ብዙኃኑ ኀ ይድረስ።

ደስ አለኝ። የሌሊት ደስታ ሌላ ነው፣ ሰው የለም የሚያይ።
«እየው» አልኩት ኢተፋን፣ «ሦስት ናቸው፣ ድምፃቸው አይለያይ።
አንዱን ብንሰርዝ ቃሉ ይነበባል፣ ዘሩ ግን ይጠፋል፤
አንድ ድምፅ፣ ሦስት ወንበር። ኅብረት ማለት ይኼን ይመስላል።»

ኢተፋ ራስ ቁሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ መረመረ።
«ጥሩ ነው» አለ። «ሦስቱም ግን ያንተው ቤት ልጆች ናቸው።
የኛዋ ሌላ መልክ ነው ያላት፤ እዚህ ገጽ ላይ አላየኋት።
አንተ ወንበር ስትቆጥር፣ እሷ ደጅ ናት፤ ዝናብ መታት።»

መልስ ፈለግሁ። የጥበቃው ሬዲዮ ከውጭ ይንኮሻኮሻል፤
ማሽኑ ሞቋል፤ ከኮሚቴው ስልኩ «አለቀ ወይ?» ይላል።
ኅዳጉ ላይ፣ በቀዩ ሳይሆን በእርሳስ፣ ውሌን ጥሼ፣
«ይህ በር በስንት ቋንቋ ይንኳኳል?» ብዬ ጻፍኩ።
አጠፋሁት።
ጻፍኩት መልሼ።

ኢተፋ በፌስታሉ ጠቅልሎ ወደ ካዛንቺስ ቁልቁል ወረደ፤
የኋላ መብራቱ በዝናቡ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ሄደ።

አምስተኛው ረቂቅ ሐሙስ መጣ። «ፈቃድ» ተመልሷል ቦታው።
ጥያቄዬ የለም። «ህብረት» ደግሞ እንደገና በሃሌታው።

ቀዩን አነሣሁ።
ኅዳግ፣ አልኩ ለራሴ፣ እሱም በብዙኃኑ ነው የሚጻፈው።
ኢተፋ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።