ክር ያለው ሰም

ሐምሌ ነው በማርቆስ፣ የክረምቱ ትምህርት፤
ከማቻከል ከስናን በጭቃ የመጡት
አስተማሪዎች ናቸው የማስተምራቸው፤
ግማሹ ከሰሌዳ፣ ግማሹ እርሻ ላይ ነው ልባቸው።

ርእሱን ጻፍሁ በጠመኔ፦ «የአሜሪካ ጥንታዊ ጽሑፍ፣
ከእምነት ወደ አእምሮ»፤ ዝናሙ ቆርቆሮን ሲገርፍ።
አልሁ፦ «ባሕር የተሻገሩ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣
ጫካ ዳር ጎጆ የቀለሱ፣ ጸሎተ ብዙ፣ ሳቀ ጥቂቶች፣
ማስታወሻ ይጽፋሉ። ቤት ቢቃጠል፣ ልጅ ቢሞት፣
ላም ብትነጥፍ፣ በቆሎውን ውርጭ ቢመታው ሌሊት፣
ሁሉም ደብዳቤ ነው ይላሉ፤ ላኪው ከላይ ያለ ጌታ፤
የሰው ሥራ ማንበብ ነው፣ አንብቦም መንበርከክ ማታ።»

እንግዳ አልሆነባቸውም፤ ራስ ብቻ ነቀነቁ፤
ባሕር ማዶ ያለውን ሰው ከቀበሌያቸው የሚያውቁ።

ልየው እጁን አነሣ፤ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ፣
ስድስት ዓመት በኮቸሮ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ያደረ።
«የኔታ—» ብሎ አፈረ፤ «ማለቴ፣ መምህር፤» ሳቅን።
«እነዚህ ሰዎች በሰምና ወርቅ ነው ያነበቡት ዓለሙን፦
ቃጠሎው ሰም፣ ተግሣጹ ወርቅ። ዘረፉ እኮ በሰው አገር!»
ኅብሩ ገባን። ባለቤት ነበረው ጫካው፣ ማንም ያልጠየቀው ነገር።

ገጹን ገለበጥሁ። «መቶ ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጆች መጡ፣
ከማተሚያ ቤት ደጃፍ፣ ከጋዜጣ ጋር የተቀመጡ፤
መብረቅን በብረት ዘንግ ከሰማይ የሚቀበሉ፣
'ፈርተን ያነበብነውን እስኪ ደግሞ እንለካው' የሚሉ።
አያት ማታ ማታ ኃጢአቱን ይጽፋል፣ እንባ ሲነካው ቀለም፤
የልጅ ልጅም ማታ ይጽፋል፣
በሰንጠረዥ ነው ግን፤ እንባ የለም።»

ይታይሽ፣ ከኋላ ወንበር፣ እጇን እንኳ ሳታነሣ፦
«ያባቴን በሬ መብረቅ ገደለው፣ ከጽዱ ሥር፣ ሲያገሣ።
'በአቦ ቀን ስላረስህ ነው' አሉት። አመነ። ካሰ።
ጧፍ ተሳለ፣ ሰገደ፣ ዓመት ሙሉ አለቀሰ።
እነዚያ ዘንግ ተካዮች መጥተው ቢያዩት ስናንን፣
ጥፋተኛው ማን ይሉን ነበር? ዛፉ ነው ወይስ አባቴ? ይንገሩን።»

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ሐምሌ ነው፣ ማርቆስ ነው፤ ይጠፋል።
ስልኩ ባትሪ የለው። አንዱ ኪሱን ይዳስሳል፤ ዝናሙ ብቻ ያወራል።

ልየው ከኮቱ ውስጥ ጧፍ አወጣ፣ ግማሹ የነደደ፤
ክብሪት ጫረ። ፊቱ ታየ፤ ጥላው ግድግዳ ላይ ሄደ።
«ቅኔ ቤት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰም ይቀልጣል ወርቅ እንዲታይ፤
እኒያ የልጅ ልጆች ሰሙን አቀለጡ፤ ወርቅ አላዩም ከላይ።
ግን ሰሙ ክር ነበረው። ለኮሱት፤ በራ፤ አዩበት።
ሰም እየበራ ነው የሚያልቀው። ሲያልቅስ? ማን አሰበበት?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ የነበረኝ የፈተና ጥያቄ፤
ጠመኔ ይዤ ቆምሁ በጨለማ፣ የማላውቀውን ዐውቄ።

«አባቴ» አለች ይታይሽ፣ «አምና ብረት ገዝቶ አቆመ፣
ከበረቱ አናት ላይ። ሽቦውን አፈር ቀበረ። የአቦ ዕለት
በሬ ፈትቶ ደግሞ፣ እንደ ወትሮው፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመ።
'የትኛውን ነው ያመንህ?' አልሁት።
'በሬዬን' አለኝ።»

መብራቱ ተመለሰ። ልየው ጧፉን እፍ ብሎ
የቀረችውን ጉማጅ ኪሱ ከተታት፣ ጠቅልሎ።
ሰሌዳው ላይ ርእሴ አለ። ዞር ብዬ አነበብሁ፤
«ወደ» የምትለውን ቃል በእጅጌዬ አጠፋሁ፤
በቦታዋ ምን እንደምጽፍ፣
ደወሉ ተደውሎ፣ ሁሉም ወጥቶ፣ እስካሁን ቆሜ ዐስባለሁ።