ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ኮዬ ፈጬ ላይ የፎቆቹ ጥላ ሲረዝም፣
አባቴ ይነሣል፤ ያስቀመጥኩት ወንበር ላይ አይገኝም።
«ክፈቱልኝ» ይላል፣ «ቤቴ ልሂድ፣ መሸ»፣
የበሩን እጀታ ይዞ፣ የኮቱን ጠርዝ እያሸ።
ቤቱማ ይኸው ነው፤ አራተኛ ፎቅ፤
ቁልፉን ሰውሬያለሁ፣ በደረጃው እንዳይወድቅ።
«ቤትህ ነው አባባ» ስለው ይብሳል፤
«ይቺ ሴት ቆለፈችብኝ» ብሎ ለጎረቤት ስሞታ ያሰማል።

ነርስ ዘቢባ ከጤና ጣቢያ ስትመጣ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ፦
«የላቬንደር ዘይት ነው፤ ሶፍት ላይ ሁለት ጠብታ፣
ትራሱ አጠገብ አኑሪው፣ ማታ ማታ።
አንዳንዱን ያረጋጋል፣ አንዳንዱን ምንም አይለው፤
ሞክሪው ብቻ፤ ነገሩ እንደ ሰውየው ነው።»

ሞከርኩ። አሸተተና ፊቱን አዞረ፦
«የማናት ሽቶ ነው? እናትሽ ትሰማለች!» ብሎ አፈረ።
እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፈላሁ። «ማነው የታመመው?» አለ፤
እኔ የማላየውን ልጅ፣ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ አባበለ።
ጤና አዳም እጁ ላይ አሸሁለት፤
ለትንሽ ጊዜ ጋብ አለለት፣
ከዚያ ቅጠሉን አኘከው። ሳቅኩኝ፣
ሳቄ ወደ ሌላ ነገር እስኪለወጥ።

ሐሙስ ዕለት ልጄ ያፌት ከታች ሮጦ መጣ፣
በር ከሚሠሩት ሰዎች ጓሮ፣ ላቡ እየወጣ፤
ሹራቡ ላይ የመላጊያ ፍቅፋቂ፣
ጥቅልል ጥቅልል ያለ፣ ጥሬ ጥድ።

አባቴ እጁን ከእጀታው አነሣ።
ልጁን ጠጋ አድርጎ አፍንጫውን ሹራቡ ውስጥ ቀበረ፤
በረጅሙ ሳበ። ትንፋሹ ለካ ይህን ያህል ጥልቅ ነበረ።
«ገና እርጥብ ነው» አለ። «ይሄ እንጨት ይጣመማል፤
ሦስት ወር ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ያኔ ለበር ይሆናል።»

አርባ ዓመት አናጢ ነበር፣ ኮተቤ፣ ከድልድዩ ወዲያ።
የረሳሁት እኔ ነኝ።

አሁን ፍቅፋቂውን ጓደኛ በጠፋው ካልሲ ቋጥሬ፣
አንዱን ኪሱ ውስጥ፣ አንዱን ከወንበሩ ክንድ አስሬ፣
አሥራ አንድ ሰዓትን እጠብቃለሁ።
መድኃኒት አይደለም። ትናንት አልሆነም፤
ሳህን ሰበረ፣ እጄን ነከሰኝ፣
ዘቢባ «እንዲህም ያደርጋል» አለች፣ በስልክ።

ዛሬ ግን ተቀመጠ።
ካልሲውን አሸተተ፤ ፀሐይ ከአቃቂ ሜዳ ማዶ ስትወርድ
ቀስ ብሎ አየኝና፣ ሰምቼ በማላውቀው ስም፣
«ጉልላት» አለኝ፣ «ሜትሩን ያዝ፣ ወዲያኛውን ጫፍ።»

ጉልላት አይደለሁም። ያዝኩ።
በመሃላችን ምንም የለም፤
ሁለታችንም ቀጥ አድርገን ወጠርነው።
«ስንት ነው?»
«ሁለት ሜትር ከአሥር» አልኩት።
«ይበቃል» አለ። «ሰው ሳያጎነብስ ይገባል።»