የሻምበል ታሎክ ኮት

በሳምንቱ አምስት ቀን፣ ሰዓት ሲያድስ ውሎ፣
ቅዳሜ ሻምበል ነው፣ ጎራዴ አንጠልጥሎ።
ጋጋሪው፣ ጸሐፊው፣ ሥጋ ሻጩ ሁሉ
በዳኒደን ዝናብ «አቤት ሻምበል!» አሉ።

ወገቡ ሁለቴ ተተርትሮ ሰፋ፤
ኢዝቤል ክር ስትስብ ወጣትነት ጠፋ።

አንድ ጊዜ ዘመተ፣ ወደ ማኦሪ መንደር፤
ውጊያ አልጠበቀውም፣ ከስኳር ድንች በቀር።
መደቡን ሲረግጥ አንዲት ባልቴት አየች፤
አልጮኸች፣ አልሸሸች፤
እርምጃውን ብቻ አንድ፣ ሁለት ቆጠረች።

የማሳዋ ጭቃ፣ ኮቱ ጫፍ ላይ ደርቆ፣
አብሮት ቤቱ ገባ፣
ኢዝቤልን ከነብሩሽ፣ ከነሳሙና ንቆ።

ሱቁ ውስጥ ሰዓቶች፣ መቶ ምላስ ያላቸው፣
«አንድ፣ ሁለት» ሲሉ በሷ ድምፅ ሰማቸው።

ሞተ። ብል ክንዱንም፣ አንገቱንም በላ፤
ጭቃዋን ግን፣ እንጃ፣ ትቷታል ለሌላ።