ደወሉን የፈታሁት እኔ ነኝ

ነሐሴ ነበረ። ልጅ በሌለበት ቤት፣ ወለሉ ሰም ጠጥቶ ሲያበራ፣
ርእሰ መምህሯ ሄግሉንድ መጣች፣ ወረቀት ጨብጣ፣
«ቤል! ቤል!» እያለች ስትጣራ።
ይበልጣል ነው ስሜ፤ ወገቡን ቆርጣ ነው ያስቀረችው፤
«ቤል» በእነሱ ቋንቋ ደወል ነው፤ ይህን ስነግራት ሳቀች፣
ግን አልተወችው።

«በል እንግዲህ ቤል፣» አለች፣ «ደወሎቹን ሁሉ ፍታልን፤
በአራትና በአምስት ቁጥር ክፍል መሃል ያለውን ግድግዳም አፍርስልን።»

መሰላሌን አቆምኩ። አሥራ አንድ ቀይ ሰሃን፣ በእያንዳንዱ አራት ብሎን።
ጊዜን አርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ እየቆረሰ
ሲያጎርሳቸው የኖረውን፤
ታሪክ ሳይዋጥ ሒሳብ፣
ሒሳብ ሳይላመጥ ሳይንስ።

እኔ የፈረቃ ልጅ ነበርኩ፤ ወንበሩ ሳይበርድ ነው የምቀመጥበት፤
ሰባ ስምንት ነበርን፤ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት ነው የተማርኩት።
ደወላችን የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነበረ፣ በብረት የሚመታ፤
ያ ድምፅ ባይኖር ሰው አልሆንም ነበር ብዬ አምን ነበር፣
መፍቻዬን እስካነሳሁባት ማታ።

መስከረም ገባ። ልጆቹ መጡ፤ ለማንም አልተደወለለትም።
የአራተኛው ከስምንተኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ፤
ማን ማንን እንደሚያስተምር አይለይም።
የማዕድን መርከብ ወደ ዱሉዝ ሲገባ ድልድዩ ይነሳል፤ እነሱም ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ፤
ስንት ቶን ይጭናል? ብረቱን ማን ቆፈረው? በስንት ደሞዝ?
ይጠይቃሉ።
መርከብ እንደ ደወል አይደለም፤ ነፋስ ያዘገየዋል፤
ሐይቁ ጭጋግ በለበሰ ቀን ትምህርቱም አብሮት ይዘገያል።

ሦስት ዓመት ክፍልፋይ ያስለቀሳት ሁበን
አንድ ቀን ወደ ቦይለሩ ወረደች፤
የግፊት መለኪያውን አፍጥጣ አይታ፣
«መርፌው ሩብ ላይ ነው፤ ግማሽ ሲደርስ ምን ይሆናል?» አለች።
እኔ፣ ጠራጊው፣ መለስኩ።
በማግስቱ ስድስት ሆነው መጡ፤ ወንበር የለኝም፤ ባልዲ እየገለበጥኩ ሰጠሁ፤
«መምህር» ሲሉኝ ዞሬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ።

ውሸት አልነግራችሁም። ጫጫታው ራስ ይበጠብጣል።
በጠመኔና በዝምታ ሠላሳ ዓመት ያስተማረው ፔካ
በኅዳር ቁልፉን መልሶልኝ ሄዷል።
እናት ትመጣለች፤ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» መልሱ ሦስት ገጽ ነው፤ ቁጥር የለበትም።
አልፈርድባትም፤ ቁጥር የለመደ ሆድ በወረቀት አይጠግብም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ኤምሪ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ከደረጃ ሥር ተሸጉጦ፣ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ አገኘሁት፤
ለሌላው ሜዳ የሆነው ቀን
ለእሱ ዳር የሌለው ገደል ሆነበት።
«ቤል፣ ይሄ መቼ ነው የሚያልቀው?»
«የቱ?» ስለው፣ በእጁ አየሩን በሙሉ ከበበው።

በእኛ አማርኛ ብሎንም ይፈታል፣ እስረኛም፣ ስሌትም፣ ህልምም፣ ትዳርም፤
መሰላሉ ላይ ሆኜ የትኛውን እንደምፈታ
ራሴን አልጠየቅሁም።

ወደ መጋዘን ወረድን። ከአሥራ አንዱ አንዱን፣
በጋዜጣ የጠቀለልኩትን፣ ጭኑ ላይ አኖርኩለት።
አልደወለውም። ቀዝቃዛውን ቀይ ብረት በሁለት መዳፉ ሸፈነ፤
ትንፋሹ ቀስ እያለ ተመለሰለት።
ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ በእነሱ አሥር ተኩል፣ በእኔ አራት ተኩል ሲል፣
ማንም ሳይጠራው ይመጣል፤
አንድ ደቂቃ ይይዘዋል፤ መልሶ ይጠቀልለዋል፤ «እሺ» ይለኛል፤
ይሄዳል።

ሄግሉንድ ደወሎቹን ለብረት ገዢ ልትሸጥ ስትቆጥር አንድ ጎደለባት።
«ቤል፣ አሥራ አንደኛው የት ገባ?»
«እሱ ገና ሥራ ላይ ነው» አልኳት።