ዝተቱ ወዴት ይሂድ?

መሀል ሜዳ ገበያ፣ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣
ሸዋቀና ያዘኝ፣ ነፋስ እየወረደ ከላይ፦
«ከሁለቱ ልጆችህ፣ አንተ የዝተት ሸማኔ፣
የማን አገር ይሻላል? ሳትደብቅ ንገረኝ ለእኔ።»
የሱም ልጅ ሊሄድ ነው፤ ፓስፖርቱን ይዟል በእጁ፤
አገር እንደ በግ ላት ሊዳብስ መጣ ለልጁ።

ምን ልበለው?

ይፍቱስራ ፊንላንድ ናት፣ ከበረዶው አፋፍ፤
ማናህሎት ፖርቱጋል፣ ከባሕሩ ጠረፍ።

እሷ ወሬዋ ቁጥር ነው፤ ልማዷ ነው ከልጅነት፣
ጠጉር ሲመዘን ሚዛኑን የማታምን በሰው አንደበት።
«አባባ፣ ደሞዜ ይገባል፣ በቀኑ፣ ሳልጠይቅ፤
አውቶቡስ ሦስት ደቂቃ ቢዘገይ ሾፌሩ ነው የሚሳቀቅ፤
ልጄ ተማሪ ቤት ምሳውን በነፃ ይበላል፤
ታምሜ ብተኛ እንኳ ደሞዜ ሳይታመም ይመጣል።»
«ፀሐይስ?» አልኳት።
ዝም አለች።
«ፀሐይማ... በኅዳር ትሄዳለች፤
እንደ ተቀየመ ዘመድ ከደጅ ታይታ ትመለሳለች።
አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከበራፌ ፊት ለፊት ያለውን ሰው
ስሙን የማውቀው ከደወሉ ላይ ነው።»

እሱ ሲደውል ሁካታ ነው፤ ሳህን ይጋጫል፣ ሰው ይስቃል፤
ከመሀሉ የሱን ድምፅ ለመለየት ጆሮ ይጨነቃል።
«አባባ፣ ዓሣ ሻጯ ስሜን ሰብራ ‹ማኑ› ትለኛለች፤
ገንዘብ ባልይዝ ‹ነገ› ብላ ጠቅልላ ትሰጠኛለች፤
ፀሐዩ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ብርቱካን በየጎዳናው፤
ሽማግሌው ሁሉ ከደጅ ነው፣ ሲከራከር ነው የማየው።»
«ደሞዝስ?» አልኩት።
«እሱማ... ግማሹን ኪራይ ይበላዋል፤
የቀረውን መብራትና ውሃ ይሻማዋል፤
እኔ የምቀርበው መጨረሻ ነው፣ ከተረፈ።»

ሐምሌ ላይ ጣሪያዬ ሲያፈስ፣ ቆርቆሮ ሲያስፈልገኝ፣
አንዱ የአንዱን አገር እያመሰገነ አሳቁኝ፤
እሷ፦ «ኑሮ የሱ ነው፣ ፀሐይ ጠግቦ ያድራል» ትላለች፤
እሱ፦ «እሷ ናት የደላት፤ መንግሥት እያጎረሳት ትኖራለች።»
አገር ካገር ሲመዛዘን ክረምቱ እንዲሁ ከረመ፤
ከአልጋዬ ራስጌ ባልዲ ቆመ።

ጥቅምት ላይ አንድ ዝተት ሠራሁ፣ ከጥቁር በግ ጠጉር፤
«ለበረዶዋ ልጄ» ብዬ፣ በየክሩ ስሟን ስቆጥር።
ሳቀችብኝ፦ «አባባ፣ ውጭ ውሃው ድንጋይ ቢሆንም፣
በግድግዳው ሙቅ ውሃ ይሄዳል፤ ቤቴ ብርድ አያውቅም።
በስስ ቀሚስ ነው የምተኛ።»
በማግስቱ ማታ ወንዱ፣
ሁካታው የለም ዛሬ፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ ከብዶት ጉዱ፦
«አባባ... ዝተት አለህ? ፀሐይዋ ከደጅ ናት፣ ቤት አትገባም፤
ግድግዳው ያልበዋል፤ ማሞቂያ ባበራ አልችለውም፤
ካፖርቴን ለብሼ ነው የማድር። የመንዝ ውርጭ ያላሸነፈኝን
የፀሐይ አገር ብርድ ከአልጋ አስነሣኝ፣ እኔን!»

ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት፣ ጸሐፊዋ ዝተቱን አየች፤
«ፖርቱጋል ሙቅ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።
«ሙቅ ነው» አልኳት። «ከደጅ።»
የመላኪያው ዋጋ ከዝተቱ በለጠ፤ ከፈልኩ እንጅ።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለች፦ «ለማናህሎት ላክህ አሉ።»
«ቤቴ ይሞቃል ብለሽ!»
«ይሞቃል» አለች፤ ዝም አለ ከኋላዋ ቤቱ ሁሉ።

እና ሸዋቀና፣ ልጅህን ከመንገድ አልመልስም፤
የትኛው ይሻላል ላልከኝ ዛሬም መልስ አልያዝኩም።
ሁለተኛ ዝተት ጀምሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ ነጩን፤
ጠጉር አንሶኛል፤ ካለህ ቁረጠኝ ዋጋውን።
ይልቅስ፣ ዘንድሮ ስንት በግ ሸለትክ?