ብር ከሰባ አምስት

ካራ ላይ፣ ከኬላው በታች፣ አስፋልቱ በሚታጠፍበት፣
የሙዘይን ሱቅ ነበረ፣ ስኳርም ላምባም ያለበት።
ሙዘይን ሒሳብ አይስትም፣ ፊደል ግን አልተማረም፤
በልቡ ነው የሚደምረው፤ ሳንቲም አጉድሎ አያውቅም።
እኔ አራተኛ ክፍል፤ እጄ መጻፍ ይወዳል፤
እሱ ስም በስም ሲጠራ፣ እርሳሴ ከኋላው ይሄዳል፦

«ትርንጎ፣ ሩብ ስኳር። ደላላው ጫንያለው፣ ሳሙና።
እናትሽ፣ ሩብ ስኳር። ጻፊያ! ምን ትጠብቂያለሽ ገና?»

በገዛ እጄ ጻፍኳት፦ እናቴ፣ ብር ከሰባ አምስት።
የአንድ ገጽ ደመወዜም፦ ደስታ ከረሜላ፣ አምስት።
ስሙኒ ማለት ያ ነበር።
ላስቲኩን በጥፍሬ ጀርባ ዳምጬ፣ አለስልሼ፣
በሳይንስ ደብተሬ መሐል አኖረው ነበር አንግሼ።

ከዚያ ሳንቲም ጠፋ።
ማን እንደወሰደው እንጃ፤ በአንድ ክረምት ዝም ብሎ ጠፋ።
«መልስ የለም፣ ከረሜላ ውሰጂ» ሆነ የሱቅ ሁሉ ቋንቋ፤
ወንድሜ ለዳቦ ሄዶ መልሱን እያላመጠ መጣ።
«የታለ መልሱ?» ስትለው እናቴ፣ ቆጣ ብላ፣
ምላሱን አውጥቶ አሳያት፤
ቀይ ነበረ።

የእኔም አምስት አራት ሆነ፤ አራቱ ሁለት፣ ከዚያም አንድ።
«ደመወዜን ቆረጥከው» አልኩት አንድ ቀን፣ ሆዴ ሲነድ።
«ከረሜላው መች አነሰ? ያው ነው መልኩም፣ ክብደቱም፤
ስሙኒው ነው የሟሟብን፤ እሱን ነው የምንጠባው፣ አልገባሽም?»

ስኳር ከኪሎ ወደ ሩብ፣ ከሩብ ወደ ስኒ ወርዶ፣
በፌስታል ጥግ ተቋጠረ፣ አውራ ጣት አክሎ፣ ተገምዶ።
ቀበሌ መጣ ሲባል ደግሞ ሰልፉ ከሌሊት ይጀምራል፤
ሰው ቤቱ ተኝቶ፣ በስሙ ድንጋይ ተራ ይጠብቃል።
እናቴ ሻይ ስትቀዳልን ማንኪያውን ታማስል ነበር
ረዥም ጊዜ፣ ቅጭል ቅጭል፣ ብርጭቆው እስኪሰነጠቅ።
ባዶ ሻይ ነበር፤
የሚጣፍጠው ድምፁ ነው።

አሁን ካራ ፎቅ በፎቅ ነው፤ ኬላውም ቦታ ቀይሯል።
የሙዘይን ዓይን ደክሟል፤ ልጁ በስልክ ብር ይቀበላል።
ኤልዳናን ይዤ ገባሁ። «ደስታ ስንት ገባ?» ብዬ ጠየቅኩ።
«አምስት ብር።» ልጄ ሁለት ጣት አወጣች። ያላየሁ መሰልኩ።

ድምፄን ሲሰማ ሽማግሌው ከጆንያው ሥር ጎንበስ አለ፤
ደብተሩን አወጣ፣ አይጥ ጥጉን የቀረጠፈው፣ ላምባ ላምባ ያለ።
ስሙ ሁሉ ተሰርዟል። አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል፣
በልጅ እጅ፦ እናቴ፣ ሩብ ስኳር፣ ብር ከሰባ አምስት ይላል።
እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ብር ከሰባ አምስት ልስጠው?
የአንድ ከረሜላ ሲሶ ነው፤ እንዴት ብዬ ልቁረጠው?
«በዛሬ ዋጋ ልክፈል?» አልኩት። ራሱን ወዘወዘ።
«እኔ ብር አላበደርኳትም፤ የወሰደችው ስኳር ነው።»
«እንግዲያው ሩብ መዝንልኝ፤ ከአንተው ገዝቼ ለአንተው ልመልስ።»
ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። መዘነ። ቋጠረ። ሰጠኝ።
መልሼ ሰጠሁት፤ ፈታና ጆንያው ውስጥ ደፋው።
የልጁ ስልክ ጢው አለ፤ ሠላሳ አምስት ብር።

«ሰርዢያ» አለኝ፣ እርሳስ አቀብሎ።
ቁጥሩን ሰረዝኩ። ስኳሩንም።
«እናቴ» የሚለውን ተውኩት።

«ደመወዝሽ ስንት ነበር?»
«አምስት።»
«አምስትስ አልችልም» አለና፣ እጁን ጣሳው ውስጥ ከቶ
ለኤልዳና ሁለት ቆጠረላት።